የሚነደው ድንጋይ፦ የኮሎራዶው ኮሎኒ ፕሮጀክት በአንድ እሑድ እንዴት እንደቆመ

ከዴንቨር በአይ-70 ወደ ምዕራብ ስትነዱ ተራሮቹን ትሻገሩና በግሌንዉድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ትወርዳላችሁ። ራይፍል የምትባለውን ከተማ አለፍ እንዳላችሁ በስተቀኝ በኩል ረጅም ገደል ይቀበላችኋል። ሮን ገደል ይሉታል። ግራጫ፣ ነጣ ያለ፣ ቡኒ፣ ደግሞ ግራጫ እያለ ተነባብሮ የቆመ ነው። ወደ ጫፉ አካባቢ ከሌላው ጠቆር ያለ መስመር አለ። ከገደሉ ሥር ፓራሹት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከኮሎራዶ ወንዝ ማዶ ደግሞ ባትልመንት ሜሳ የሚባል ሰፈር በተዳፋቱ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ለዚህ ገጠር አገር ሰፈሩ ትልቅ ነው። መንገዶቹም ሰፋፊ ናቸው።

እኔ አውሮራ ነው የምኖረው። እዚህ እንዳሉ ብዙ ሐበሾች የጭነት መኪና እነዳለሁ፤ በዚህ መንገድ ለዓመታት ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ ላይ ገደሉ ገደል ብቻ ነበር። ፓራሹትም እግሬን የማፍታታባት፣ ቡና የምይዝባት ቦታ ነበረች። አንድ ቀን ያ ሰፈር ለምን እዚያ እንደተሠራ ጠየቅኩ። መልሱን ስሰማ ማንበብ ጀመርኩ። አሁን በዚያ ስነዳ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ጉዳዩ ይህ ነው። ሜይ 2 ቀን 1982፣ በእኛ ሚያዝያ 24 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ዕለቱ እሑድ ነበር። ኤክሰን የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ከፓራሹት በላይ ባለው ገደል ላይ ይገነባ የነበረውን ኮሎኒ የተባለ ፕሮጀክት እንደሚያቆም አስታወቀ። ከ2,000 በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ሥራ አጣ። እስከዚያ ቀን ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈሶበታል። ግንባታው ግን ገና አላለቀም ነበር፤ ለገበያ የወጣ አንድ በርሜል ዘይት እንኳ አልነበረም። የአካባቢው ሰው ያንን ቀን ጥቁር እሑድ ይለዋል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት፣ በእኛ ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥሬው እና የበሰለው

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስሙ ላይ እንግባባ። ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል፤ እኔንም አሳስቶኛል።

ሼል ስንል መጀመሪያ የሚመጣልን የድሮው ማደያ ነው። ያ የኩባንያ ስም ነው። ሼል የሚባል ድንጋይም አለ። ከጥንት ጭቃ የተሠራ፣ እንደ ገጽ የሚላጥ ድንጋይ ነው። የዚህን ድንጋይ ስም ይዘው ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ፤ በዜና ላይ ሁሌም ይቀላቀላሉ።

አንደኛው በቴክሳስና በሰሜን ዳኮታ የሚወጣው ነው። እዚያ ዘይቱ ከመሬት በታች ራሱ ሆኖ አለ። ተፈጥሮ በሚሊዮን ዓመታት ሙቀት አብስላዋለች። ችግሩ ድንጋዩ ጥብቅ ስለሆነ አያፈስም። ስለዚህ ጉድጓዱን ወደ ጎን እየቆፈሩ፣ ውሃና አሸዋ በከፍተኛ ግፊት እየላኩ ድንጋዩን ይሰነጥቁታል። ፍራኪንግ የሚባለው ይህ ነው። አሜሪካን ከዓለም አንደኛ የድፍድፍ ነዳጅ አምራች ያደረጋት ይህኛው ሼል ነው።

ሁለተኛው ኦይል ሼል የሚባለው፣ የፓራሹት ገደል ውስጥ ያለው ነው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ዘይት የለም። ያለው ኬሮጅን የሚባል ጠጣር ነገር ነው። የጥንት አልጌ ቅሪት ነው፤ ገና ያልበሰለ። ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኮሎራዶ፣ ዩታና ዋዮሚንግ በሚገናኙበት አካባቢ ትልልቅ ሐይቆች ነበሩ። አልጌው እየሞተ ወደ ሥር ሰመጠ፤ ከጭቃ ጋር ተደራረበ። ጥልቀቱ ስላልበቃው፣ ሙቀቱም ስላልደረሰው ሳይበስል ቀረ። በአጭሩ የቴክሳሱ የበሰለ ወጥ ነው፣ ክዳኑ አልከፈት ያለ። የኮሎራዶው ገና ጥሬ ነው። ዘይት ለማድረግ ተፈጥሮ የጀመረችውን ሰው መጨረስ አለበት። ድንጋዩን ቆፍሮ፣ ፈጭቶ፣ ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሞቅ ያስፈልጋል። ያኔ ኬሮጅኑ ይፈርስና በእንፋሎት መልክ ይወጣል። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ወፍራም ዘይት ይሆናል።

አንዱን ቁራጭ እጄ ላይ ይዤው አውቃለሁ። ከውጭ በፀሐይና በዝናብ ነጥቶ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው። ሲሰበር ውስጡ ጥቁር ቡኒ ነው። ንብርብሩ ስስ ነው፤ መሶብ ላይ እንደተደራረበ እንጀራ በጎን ቢያዩት መቁጠር የሚቻል ይመስላል። አዲስ የተሰበረውን ጎን በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት የጋራዥ ሽታ ይሸታል። ስሱን ስንጣሪ በክብሪት ሲለኩሱት ጥቀርሻ እያጨሰ ይነዳል። የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ዩቶች፣ የሚነድ ድንጋይ እንደሚሉት ይነገራል። እዚያ አካባቢ የሚወራ የድሮ ጨዋታም አለ። አንድ ሰፋሪ ጎጆ ሠርቶ ምድጃውን ከዚህ ድንጋይ ገነባው። ጎረቤት ጠርቶ እሳት ሲያነድ ምድጃው ራሱ ተያያዘና ቤቱ ወደመ ይላሉ።

ክብሪት ሲነካው እንደሚነድ በዓይኑ ያየ ሰው፣ ተራራው ሙሉ ነዳጅ ነው ቢሉት ለምን አያምንም? ያ እምነት ከመቶ ዓመት በላይ ብዙ ሰው አንቀሳቅሷል።

ሁሌ በድንጋጤ የሚጀመር ነገር

ከድንጋይ ዘይት ማውጣት አዲስ ሐሳብ አይደለም። እንግሊዝ አገር በ1694 ከአንድ ዓይነት ድንጋይ ሬንጅና ዘይት ለማውጣት የባለቤትነት መብት ተሰጥቷል። በስኮትላንድ ጄምስ ያንግ የተባለ ኬሚስት በ1850 የራሱን ዘዴ አስመዘገበ። በፔንሲልቬንያ የመጀመሪያው ዝነኛ የነዳጅ ጉድጓድ ከመቆፈሩ 9 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። እሱ የጀመረው ከድንጋይ ከሰል ነበር፤ ቀጥሎ ኢንዱስትሪው ወደ ሼል ዞረ። የሚያመርቱት የመብራት ላምባ ነበር። የስኮትላንዱ ሥራ እስከ 1962 ቆይቷል። የተቃጠለው ድንጋይ ቁልል ዛሬም ከኤድንብራ በስተምዕራብ ቀይ ኮረብታ ሆኖ ቆሟል። ኢስቶኒያ ደግሞ ድንጋዩን በቀጥታ ማገዶ አድርጋ ለአሥርት ዓመታት አብዛኛውን መብራቷን አግኝታበታለች።

ኮሎራዶ ላይ ግን ነገሩ ሁሌ በድንጋጤ ይጀመርና በርካሽ ነዳጅ ይቆማል። በ1910ዎቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከቦቹን ከከሰል ወደ ነዳጅ ሲያዞር ነዳጅ ያልቅብኛል ብሎ ሰጋ። ፕሬዚዳንት ዊልሰን በ1916 ከራይፍል አጠገብ ያለውን የሼል መሬት ለባሕር ኃይሉ መጠባበቂያ አድርገው ከለሉት። ሰው ተሻምቶ ይዞታ ያዘ፤ ብዙ አክሲዮን ተሸጠ። ከዚያ ከኦክላሆማና ከቴክሳስ ርካሽ ነዳጅ ጎረፈና ሁሉም ተበተነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንደገና ሥጋት መጣ። መንግሥት እዚያው ገደል ሥር አንቪል ፖይንትስ በሚባል ቦታ የሙከራ ጣቢያ ከፈተ። በ1950ዎቹ አጋማሽ እሱም ተዘጋ።

ሦስተኛው ድንጋጤ እኛንም ነክቶናል። በ1973 መገባደጃ የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ጣሉ፤ የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ገደማ ወጣ። አዲስ አበባ ላይ የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር፣ በእኛ በየካቲት 1966 ዓ.ም.፣ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ሰሞን፣ ያው የዋጋ ንረት፣ ሮን ገደል ሥር ደግሞ ተቃራኒውን ነገር አመጣ። ተስፋ አመጣ። በ1974 መጀመሪያ መንግሥት እዚያው አካባቢ ባለው ፒሳንስ በሚባል ተፋሰስ አንድ የሼል መሬት ሲያጫርት ሁለት ኩባንያዎች ተጣምረው ከ210 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሉበት።

ኮሎኒም ያኔ ሊገነባ ነበር። ከባለቤቶቹ መካከል ቶስኮ የተባለ በኦይል ሼል ላይ የተቋቋመ ኩባንያና አትላንቲክ ሪችፊልድ የተባለ የነዳጅ ኩባንያ ነበሩ። ነገር ግን የግንባታው ግምት በአንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ ገደማ ሆነ። በ1974 መጨረሻ አቆሙት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ነዳጅ በተወደደበት ዓመት ነው ፕሮጀክቱ ያልተቻለው።

ኤክሰን መጣ

በ1979 የኢራን አብዮት ሲመጣ ነዳጅ እንደገና እጥፍ ሆነ። በርሜል ከ30 ዶላር አለፈ። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1980 አጋማሽ የፈረሙት ሕግ ሰው ሠራሽ ነዳጅን የሚደግፍ የመንግሥት ኮርፖሬሽን አቋቋመ። ለመነሻ 20 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተመደበ። ግቡ በ1987 በቀን 500,000 በርሜል፣ በ1992 ደግሞ 2 ሚሊዮን በርሜል ነበር።

በዚያው ዓመት ኤክሰን የአትላንቲክ ሪችፊልድን 60 በመቶ ድርሻ በ300 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ኤክሰን በወቅቱ ከዓለም ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱ ነው። ኩባንያው ያኔ ባወጣው ሰነድ በ2010 ከሼል ብቻ በቀን 8 ሚሊዮን በርሜል ማምረት ይቻላል አለ። ለዚህም ፒሳንስ ላይ ግዙፍ ክፍት ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። አካባቢው ደረቅ ስለሆነ ውሃው ከሚዙሪ ወንዝ፣ ከደቡብ ዳኮታ፣ በቧንቧ ይመጣል። ዛሬ ሲያነቡት ያስደነግጣል። ያኔ ግን ይህን የሚለው ኤክሰን ነበር። ለፓራሹት ባለ ሱቅ፣ የኤክሰን ቃል ባንክ እንደተቀመጠ ገንዘብ ነበር።

የኮሎኒ ዕቅድ ራሱ ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር፤ በቀን 47,000 በርሜል ገደማ። አሠራሩን ላስረዳ። ከገደሉ ጫፍ ያየነው ጠቆር ያለው መስመር ማሆጋኒ ይባላል፤ ከሁሉም የበለጸገው ንብርብር እሱ ነው። ተራራውን ከጎኑ በስተው ይገባሉ፤ ጣሪያውን እንዲሸከም ዓምድ እየተዉ ድንጋዩን ያወጣሉ። ይፈጩታል። የተፈጨውን በጣም ከጋሉ የሴራሚክ ኳሶች ጋር በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ያደባልቁታል። ሙቀቱ ከኳሶቹ ወደ ድንጋዩ ያልፋል፤ ዘይቱ ተንኖ ይወጣል። ኳሶቹ ተለይተው እንደገና ይግላሉ። የቀረው ጥቁር ዱቄት ውሃ ተረጭቶበት ሸለቆ ውስጥ ይደፋል። ሲፈጭ ስለሚያብጥ የወጣበት ጉድጓድ አይበቃውም። ዘይቱም እንዲሁ ወደ ማጣሪያ አይገባም። ናይትሮጅኑና አርሰኒኩ ብዙ ስለሆነ ቀድሞ መጽዳት አለበት።

አሁን በእኔ ሙያ ልለካው። ለዚያ 47,000 በርሜል በቀን 66,000 ቶን ድንጋይ መውጣት ነበረበት። የእኔ መኪና ሙሉ ጭነቷ 20 ቶን ገደማ ነው። በቀን ከ3,000 በላይ መኪና ድንጋይ ማለት ነው። ዛሬ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ዓመት ሙሉ። አብዛኛው ክብደት ተመልሶ ይደፋል። የሚገኘው ዘይት አሜሪካ ያኔ በቀን ከምታነደው ከ300 እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ይህን ስሌት መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ስሠራው ደግሜ ደግሜ አረጋገጥኩት፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር።

ያም ሆኖ ሰው ጎረፈ። ፓራሹት ጥቂት መቶ ሰው የነበራት መንደር ናት። ሠራተኛው መጠለያ አጥቶ በተጎታች ቤት፣ በድንኳን፣ በመኪናው ውስጥ አደረ። ኤክሰን ከወንዙ ማዶ አዲስ ከተማ መገንባት ጀመረ። ባትልመንት ሜሳ ያ ነው። የታሰበው ለ25,000 ሰው ነበር። መንገድ፣ የውሃ መስመር፣ ቤቶች፣ ትምህርት ቤት። የአካባቢው ከተሞችም አብረው ሠሩ። ሰው ተበድሮ ቤት ገዛ፤ ሆቴል ሠራ፤ ሱቅ ከፈተ። ቶስኮ የራሱን 40 በመቶ ድርሻ ለመሸፈን ከመንግሥት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የብድር ዋስትና አገኘ።

እሑዱ

ከውጭ ሲታይ ሁሉም በፍጥነት ላይ ነበር። በውስጥ ግን ሁለት ቁጥሮች ተቃራኒ መንገድ ይዘው ነበር። የኮሎኒ ግንባታ ግምት ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣ፤ ኤክሰን ሲገባ ከታሰበው እጥፍ ገደማ። የነዳጅ ዋጋ ደግሞ መውረድ ጀመረ። በውድ ዋጋው ምክንያት አሜሪካኖች ትናንሽ መኪና ገዙ፤ ፋብሪካዎች ቆጠቡ። በ1978 በቀን ወደ 19 ሚሊዮን በርሜል የነበረው የአገሪቱ ፍጆታ በ1982 ወደ 15 ሚሊዮን ወረደ። ወለዱም ከፍተኛ ነበር። የኤክሰን አለቆች ስሌታቸውን ሠሩ። ስሌቱ አላዋጣም።

ውሳኔው እሑድ ተነገረ። አንዳንዱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሰማ። ያልሰማው ሰኞ ጠዋት ምሳውን ቋጥሮ ወደ ሥራ ሲሄድ በሩ ተዘግቶ፣ ጥበቃ ቆሞ አገኘው። እዚህ ላይ ሁሌ ቆም እላለሁ። እኔም ከሩቅ አገር መጥቼ በሰዓት የሚከፈለኝ ሰው ነኝ። ከዚያ በር ፊት የቆመው ሰውዬ ምን እንዳሰበ መገመት አያቅተኝም። የዚህ ወር የቤት ኪራይ። ልጆቹን ከየት ትምህርት ቤት አስወጥቶ ወደዚህ እንዳመጣቸው። ከአጎራባች ክፍለ ግዛት ድረስ የጎተተው ተጎታች ቤት ገና ዕዳው አላለቀም።

በቀጣዮቹ ቀናት ዕቃ መጫኛ የኪራይ መኪና ከአካባቢው ጠፋ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ነበር የሚለቀው። በሳምንት ውስጥ ሌሎችም ተከተሉ፤ ኮንትራክተሩ፣ የኮንትራክተሩ ኮንትራክተር፣ ምግብ ቤቱ። ከአካባቢው በዓመት 85 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደሞዝ ጠፋ። ከዚያ ወደ 70 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ግራንድ ጀንክሽን ከተማ ላይ ቤቶች ለባንክ ቀሩ። ሰው ቁልፉን ለባንኩ እየሰጠ ሄደ። አካባቢው ለማገገም ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደበት።

የኤክሰንን ውሳኔ እንደ ሂሳብ ካየነው ትክክል ነበር እላለሁ። በ1986 ነዳጅ ወደ 10 ዶላር ገደማ ሲወርድ ኮሎኒ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ኪሳራው ይብስ ነበር። የተናገሩበትን መንገድ ግን ትክክል ነበር አልልም። ግምቱ ሲንር ከወራት በፊት ያዩ ነበር። አንድ ከተማ ሕይወቱን በእነሱ ቃል ላይ ሲገነባ እያዩ ዝም ብለው ነበር። ለግንበኛውና ለባለ ሱቁ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ኤክሰንን ከ900 ሚሊዮኑ አንጻር ስንት ያስወጣው ነበር?

ለምን ነዳጅ ሲወደድም አይሆንለትም

ብዙ ሰው የኮሎኒን ታሪክ ሲሰማ ‹‹ዋጋው ስለወረደ ነው እንጂ ትንሽ ቢታገሡ ይሳካ ነበር›› ይላል። በ1974 የሆነውን አስታውሱ። ያኔ ዋጋው እየወጣ ነበር፤ ፕሮጀክቱም ያኔም አልተቻለም።

ምክንያቱ ድንጋዩ ራሱ ነው። ሥራው ነዳጅ ይበላል። መቆፈር፣ መፍጨት፣ ማሞቅ፣ መድፋት፣ ማጽዳት። የሚፈልገው ብረት፣ ቧንቧ፣ ማሽን፣ ብየዳ ሠራተኛ፣ ሁሉም ነዳጅ ሲወደድ አብሮ ይወደዳል። ስለዚህ ነዳጁ 12 ዶላር ሲሆን የሼሉ ወጪ ከዚያ በላይ ይሆናል። 35 ሲሆን ወጪውም ተከትሎ ይወጣል። የራስን ጥላ እንደማሳደድ ነው። ከመሬት ሥር በስሎ የተገኘው ዘይት ግን ምድጃ አይፈልግም፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ዩኒየን ኦይል ይህን በተግባር አሳይቷል። ከኤክሰን ጎን እዚያው ፓራሹት ክሪክ ላይ የራሱን ፋብሪካ ይገነባ ነበር። ኤክሰን ሲወጣ እሱ ቀጠለ። መንግሥት ከገበያ በላይ የሆነ ዋጋ ዋስትና ሰጥቶት ነበር። ፋብሪካው ለዓመታት እየተበላሸ አስቸገረ። በመጨረሻ ሠራ፤ ነገር ግን በቀን ከታቀደው 10,000 በርሜል አልደረሰም። በ1991 ሲዘጋ በጠቅላላ ያመረተው ከ4 ሚሊዮን በርሜል ብዙም አይበልጥም። አሜሪካ ያኔ በግማሽ ቀን ከምታነደው ያንሳል። የመንግሥቱ ኮርፖሬሽን ራሱ በ1986 ፈርሷል።

ማደያውን የምናውቀው ሼል ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረ። ድንጋዩን ሳያወጣ እዚያው መሬት ውስጥ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቀስ ብሎ ለዓመታት ማብሰል። የከርሰ ምድር ውሃ እንዳይገባ ዙሪያውን አፈሩን በማቀዝቀዣ ያቀዘቅዙታል፤ የበረዶ ግድግዳ ይሠራሉ። መሐሉ ይበስላል፣ ዳሩ በረዶ ነው። በአነስተኛ ሙከራ ጥሩ ዘይት አግኝተዋል። በሐሳቡ እደነቃለሁ። በ2013 ግን ሼልም ትቶት ወጣ።

‹‹ክምችት›› የሚለው ቃል

የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት በእነዚህ ሦስት ክፍለ ግዛቶች ድንጋይ ውስጥ ከ4 ትሪሊዮን በርሜል በላይ ሊሆን የሚችል ኬሮጅን እንዳለ አስልቷል። የዓለም የተረጋገጠ ነዳጅ ሁሉ ቢደመር ግማሹን አይሞላም። ይህ ቁጥር በየጊዜው በዜና ላይ ይወጣል። በአማርኛ ‹‹የ4 ትሪሊዮን በርሜል ክምችት›› ተብሎ ሲነገር ሰምቻለሁ። ልክ አይደለም። ክምችት ስንል ጎተራ ውስጥ ያለ እህል ነው፤ ከፍተህ የምትሰፍረው። ድርጅቱ የቆጠረው ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነው። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ አዋጥቶ ሊወጣ እንደሚችል ቁጥር አልሰጠም፤ የሚያዋጣ ዘዴ ስለሌለ። በነዳጅ ሙያ ክምችት የሚባለው ዛሬ ባለው ዋጋና ዘዴ የሚወጣው ብቻ ነው። በዚያ መለኪያ የሮን ገደል ክምችት ዜሮ ነው።

ይህ ለእኛም ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ጅማ አካባቢ በደልቢ-ሞዬ ተፋሰስ ከድንጋይ ከሰል ጋር ኦይል ሼል እንዳለ ጂኦሎጂስቶች አጥንተዋል። አንዳንዴ ‹‹በኢትዮጵያ ይህን ያህል ቶን ኦይል ሼል ተገኘ›› የሚል ነገር በስልኬ ይደርሰኛል፤ ከዘመድም ከጓደኛም። የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁሌ አንድ ነው፦ ከአንድ ቶን ስንት ሊትር ይወጣል? ኮሎኒ ሲመረጥ ከዓለም ከበለጸጉት ንብርብሮች በአንዱ ላይ ነበር፤ ከቶኑ ከ100 ሊትር በላይ የሚሰጥ። እዚያ ያልተቻለው ነገር ሌላ ቦታ ለምን እንደሚቻል መጀመሪያ ማስረዳት ያስፈልጋል። ድንጋዩን ዝም ብሎ ማገዶ ማድረግ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኢስቶኒያ ያደረገችው ያንን ነው፣ ጭሱንና አመዱን ተሸክማ።

ባትልመንት ሜሳ አልፈረሰም። ኤክሰን ቤቶቹን ለጡረተኞች ማስተዋወቅ ጀመረ። አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩ ብዙ፣ ዋጋው ርካሽ። ዛሬም እዚያ ብዙ ጡረተኛ ይኖራል። ለማዕድን ሠራተኛ በተቀደደው ሰፊ መንገድ ጠዋት ጠዋት ውሾቻቸውን ይዘው ሲሄዱ አያለሁ።

ሜይ 3 ቀን 2024 ኤክሰን ሞቢል ፓዮኒር የተባለውን የቴክሳስ ሼል አምራች ገዝቶ ጨረሰ። ዋጋው 60 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከጥቁር እሑድ በኋላ 42 ዓመት ከአንድ ቀን ሆኗል። ዜናውን በሬዲዮ ስሰማ በአይ-70 ላይ ነበርኩ። ‹‹ሼል›› የሚለውን ቃል ደጋግመው አነሱት። እነሱ የሚሉት የበሰለውን ነው። ጥሬው በስተቀኜ ቆሟል፤ የማሆጋኒው መስመር ከጠዋቱ ፀሐይ ጋር ጎልቶ ይታይ ነበር።